ሞላ ወይስ ወጣ? ፍለድ ሃብን ሁለት ክረምት ስጠቀምበት ያየሁት

እናቴ የምትኖረው ፎገራ ነው። ቤቷ ከሪብ ወንዝ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ እሠራለሁ። በመካከላችን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ሐምሌ ሲገባ እንቅልፌ ይቀንሳል። እዚህ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እዚያ የዘነበ ይመስለኛል።

ላለፉት ሁለት ክረምቶች ታዲያ አንድ ነገር ሳላይ ተኝቼ አላውቅም። ፍለድ ሃብ ይባላል። ጉግል የሠራው የወንዝ ጎርፍ ትንበያ ካርታ ነው። ክፍያ የለውም። በስልክ ይከፈታል። ወንዝ ዳር ወገን ያለው ሰው እንዲያውቀው፣ ሲጠቀምበትም እኔ የተሳሳትኩትን እንዳይሳሳት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ካርታው ላይ ወንዞችን ተከትለው የተቀመጡ ነጥቦች አሉ። መጀመሪያ ሲከፈት የሚያሳየው ትንበያው ይበልጥ የሚታመንባቸውን ብቻ ነው። የቀሩት እንዲወጡ ተጨማሪ ነጥቦችን እንዲያሳይ ማዘዝ ያስፈልጋል። ነጥቧን ነካ ስታደርጓት ግራፍ ይወጣል። መስመሩ ያለፉትን ቀናት ያሳይና ዛሬን አልፎ እስከ ሰባት ቀን ወደፊት ይሄዳል። ከመስመሩ በላይ ደግሞ ሦስት አግድም መስመሮች ተሠምረዋል። ማስጠንቀቂያ፣ አደጋ፣ ከፍተኛ አደጋ።

ያጠፋሁት እነዚህን ሦስት መስመሮች ሳላይ ነው።

የመጀመሪያው ክረምት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ይሆናል። ግራፉን ስከፍተው መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። ትናንት ለጥ ብሎ ይሄድ የነበረው ዛሬ ተራራ ሆኗል። ደነገጥኩ። ሌላ ምንም አላየሁም። ወዲያው ደወልኩ። «እማ፣ ወንዙ እየመጣ ነው፤ ቶሎ ውጡ» አልኳት። እሷም ልጄ የተማረች ናት ብላ አመነችኝ። በዚያ ዝናብ ሁለት ላሞቿንና አንዲት ጥጃ እየነዳች፣ የእህቴን ልጅ አዝላ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ወዳለችው አክስቴ ቤት ሄደች። ጭቃው ጉልበት ይደርስ ነበር። ሁለት ሰዓት ፈጀባት።

ሲነጋ ወንዙ ቦታው ላይ ነው። ሞልቷል፤ ደፍርሷል፤ ይጮኻል። ግን ዳሩን አልለቀቀም። እኔም ግራፉን ረጋ ብዬ ሳየው መስመሩ የመጀመሪያዋን የማስጠንቀቂያ መስመር እንኳን አልነካም። ከታችዋ ነው ያለው። ጥጃዋ ብርድ መታት። ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። የፎገራ ላም ጥጃ ለእናቴ ምን ማለት እንደሆነች የሚያውቅ ያውቃል።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ያለችኝ ይህን ብቻ ነው። «ልጄ፣ ወንዝ በክረምት ካልሞላ መቼ ሊሞላ ነው? ሞላ እንጂ አልወጣም እኮ።»

እነዚህን ሁለት ቃላት ከዚያ ወዲህ አልረሳኋቸውም። ሞላ። ወጣ። በእኛ አገር ወንዝ መሙላቱ ዜና አይደለም። እንዲያውም ይፈለጋል። ሩዝ ውሃ ይወዳል። እናቴ የምትዘራው ኤክስ ጅግና የሚባለውን ነው፤ ማሳው ውሃ ሲቋጥር ደስ ይላታል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ክፉው ነገር የሚጀምረው ወንዙ ሲወጣ ነው፤ ውሃው ዳሩን አልፎ ወደ ቤት፣ ወደ በረት፣ ወደ ጎታ ሲመጣ።

እነዚያ ሦስት መስመሮች የተሠመሩት ይህን ለመለየት ነው። በመሣሪያ በማይለኩ ወንዞች ላይ የመጀመሪያዋ መስመር የተቀመጠችው በአማካይ በሁለት ዓመት አንዴ በሚደረስበት ልክ ነው። ሁለተኛዋ በአምስት ዓመት፣ ሦስተኛዋ በ20 ዓመት። በ20 ዓመት አንዴ ሲባል ግን ዘንድሮ ከመጣ ለቀጣዩ 19 ዓመት አይመጣም ማለት አይደለም። በእያንዳንዱ ክረምት ከመቶ አምስት ያህል ዕድል አለው ማለት ነው። በተከታታይ ሁለት ዓመትም ሊመጣ ይችላል። ወንድሜ ይህን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወሰደበት። «አምና መጥቷል፤ ዘንድሮ አይመጣም» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ።

የግራፉ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሜትር አይደለም። በሰከንድ ሜትር ኩብ ነው። ይህ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። እኔ በበርሜል ነው የማስበው። አንድ ሜትር ኩብ አንድ ሺህ ሊትር ነው፤ አምስት በርሜል። ግራፉ 100 ካለ በየሰከንዱ 500 በርሜል ውሃ በፊታችሁ ያልፋል ማለት ነው። እንዲህ ስታስቡት ወንዝ ላይ ቆሞ «ገና ጉልበት ነው፣ እሻገረዋለሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ውሃም ሰው ይጥላል።

ግን በርሜሉ አንድ ነገር አይነግራችሁም። የእናንተ ወንዝ ዳር የት ጋ ዝቅ እንደሚል አይነግራችሁም። የእናቴ ዛፍ እዚህ ላይ ነው የምትመጣው።

ከመልካው ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ወንዙ በየዓመቱ አፈሩን ስለበላው ሥሮቹ ተራቁተዋል። ልክ እንደ ደረጃ ተደራርበው ይታያሉ። እናቴም ጎረቤቶቿም ወንዙን የሚያነቡት በእነሱ ነው። ውሃው የመጀመሪያውን ሥር ሲሸፍን ልጅ ለብቻው ወደ ማዶ አይላክም። ሁለተኛውን ሲሸፍን ከብት ከወንዙ ዳር ይነሳል። ሦስተኛውን ከነካ፣ ከብቶች ውሃ ለመጠጣት ሲወርዱ ዳሩን ያፈረሱበት አንድ ቦታ አለ፤ ውሃው በዚያ በኩል መውጣት ይጀምራል። ሌላው ዳር ሁሉ ገና ደረቅ ሆኖ ሳለ በዚያች ክፍተት ይወጣል። መንደሩ ውስጥ የሚገባው ከፊት አይደለም። ዞሮ ከኋላ ነው። ይህን የትኛውም ካርታ አያውቀውም። እናቴ ግን ታውቀዋለች።

ወንድሜ ወረታ ባጃጅ ይነዳል። ከጥጃዋ በኋላ አንድ ነገር ተስማማን። እሱ ሥሮቹ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገ። ጠዋት ጠዋት ማን ነጻ ከሆነ አንዱ ዛፏን አይቶ ይደውልልኛል። እኔ ደብተር ላይ ሦስት ነገር እጽፋለሁ። ቀኑን፣ ግራፉ ያለበትን፣ ሥሩን። ሌላ ጣጣ የለውም። አስር ብር የማትሞላ የስልክ ጥሪ ናት።

ክረምቱ ሲያልቅ ደብተሩን ቁጭ ብዬ አየሁት። ግራፉ የመጀመሪያዋን መስመር ሲጠጋ ውሃው ሁልጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥር መሀል ነው። ይህ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። ካርታው የሚናገረውን ወደ እናቴ ቋንቋ የሚመልስ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። አሁን ስደውልላት ስለ ሜትር ኩብ አላወራም። «እማ፣ ከነገ ወዲያ ሁለተኛውን ሥር ሊያልፍ ነው» ነው የምላት።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ። አንድ ዓይነት የወንዝ ልክ በሐምሌ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አንድ አይደለም። በሐምሌ መጀመሪያ መሬቱ ገና ይጠጣል። ወንዙም ወደ ጣና በነጻነት ይገባል። ነሐሴ ማብቂያ ላይ ግን ያ ጥቁር አፈር ጠጥቶ ጠግቧል። ጣናም እየሞላ ነው። ሐይቁ ከፍተኛ ልኩ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ጋብ ማለት ሲጀምር፣ ወደ መስከረም ነው። እኛ ጋ ሰው ሐይቁን ባህር ነው የሚለው። «ባህሩ ከሞላ ወንዙ መግቢያ ያጣል» ይላሉ። እውነት ነው። ሪብና ጉማራ፣ ከግልገል አባይና ከመገጭ ጋር፣ ጣናን የሚሞሉት ዋናዎቹ ወንዞች ናቸው። ፎገራ ሜዳ ነው። ሐይቁ ከፍ ሲል የወንዙ ውሃ ወደፊት የሚሄድበት ቁልቁለት ያጣል። ወደ ጎን ይተኛል። ከጉና ተራራ የመጣው ደለልም የወንዙን ሆድ ሞልቶታል። ስለዚህ ከነሐሴ 15 በኋላ እኔ አንድ ሥር ቀድሜ ነው የምደውለው።

ሁለተኛው ክረምት ላይ ይህ ሁሉ ተፈተነ። ነሐሴ አጋማሽ አልፏል። ማታ ስከፍተው የትንበያው መስመር ከሦስት ቀን በኋላ የማስጠንቀቂያዋን መስመር አቋርጦ ይሄዳል። ወደ አደጋዋ ይጠጋል፤ ግን አይነካትም። አሁን አልጮኽኩም። ጠዋት እስኪሆን ጠበቅኩ። ወንድሜ ሁለተኛው ሥር እንደተሸፈነ ነገረኝ። ከዚያ ለእናቴ ደወልኩ። «ሦስት ቀን አለሽ» አልኳት።

ሦስት ቀን ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። በቀን ብርሃን፣ ሳይጣደፉ፣ ላሞቹ ወደ አክስቴ ሄዱ። የዘር ሩዙና በቆሎው በጆንያ ሆኖ ቆጥ ላይ ወጣ። መታወቂያዋ፣ የመሬት ደብተሯ፣ የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ወረቀት በፌስታል ተጠቅልሎ ከእሷ ጋር ሄደ። ጎረቤቶቿም የእሷን አይተው ተነሱ። ውሃው በሦስተኛው ሌሊት መጣ። በዚያችው በፈረሰችው ዳር ነው የወጣው። ግቢው ውስጥ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። የታችኛው ማሳ ጥቂት ቀን ተኛበት። ከቤት የጠፋ ነገር አንድ አሮጌ ሰፌድ ነው። እናቴ ስትደውልልኝ ድምጿ የሰርግ ቤት ድምፅ ነበር።

እንግዲህ ይህን አገልግሎት የምወደው ለዚህ ነው። የሰጠኝ ቀን ነው። ዛፏ ዛሬን ትናገራለች፤ ካርታው ከነገ ወዲያን።

አሁን የማይሠራውን ልንገራችሁ፤ ይህንን ሳያውቁ መጠቀም ያሳስታልና።

አብዛኞቹ ነጥቦች ላይ ውሃ ውስጥ የተተከለ መለኪያ የለም። ኮምፒዩተሩ በሌላው ዓለም ለብዙ ዓመት ከተለኩ ወንዞች ተምሮ፣ ዝናቡን፣ የአየር ትንበያውን፣ የመሬቱን አቀማመጥና አፈሩን አይቶ የሚገምተው ነው። ሥራው የተጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ ፓትና በምትባል ከተማ አካባቢ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራል። መለኪያ የሌለውን ወንዝ መገመት መቻሉ እንደኛ ላለ አገር ትልቅ ነገር ነው። ግምት መሆኑ ግን መረሳት የለበትም።

የወንዝ ካርታ እንጂ የደራሽ ውሃ ካርታ አድርጋችሁም አትያዙት። ለቀናት እየሞላ የሚመጣ ወንዝ አንድ ነገር ነው። ላይ ደጋ ዘንቦ በሰዓታት ውስጥ ደረቅ አሸዋ ላይ የሚደርስ ውሃ ሌላ ነው። ድሬዳዋን አስቡ። ሐምሌ 1998 ማብቂያ ላይ፣ በሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ደቻቱ ደርሶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። እንዲህ ያለ ቦታ የምትኖሩ ሰዎች፣ እባካችሁ የሰባት ቀን ግራፍ አትጠብቁ። ላይኛው አገር ሲጠቁር፣ ከላይ የሚኖር ሰው «እዚህ እየጣለ ነው» ብሎ ሲደውል፣ ያኔውኑ ከአሸዋው መውጣት ነው። በዚያው ክረምት ኦሞ ወንዝ ደሰነች ላይ ከ360 በላይ ሰው ገድሏል። የእኛም ፎገራ በውሃ ተከቦ ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ሲሄድ ከታች ያየሁት የሰው ጎታ ክዳን ነው፤ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ይዞራል። አሁንም ይታየኛል።

ግቢ ውስጥ የሚቋጥር የሰማይ ውሃም አለ። የእኛ መሬት ዋልካ ስለሆነ ከባድ ዝናብ በአንድ ሌሊት ቤት ሊያስገባ ይችላል፤ ወንዙ ደግሞ በዚያኑ ሰዓት የመጀመሪያው ሥር ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ የካርታው ጥፋት አይደለም። ሥራው ስላልሆነ ነው። ለዚህ ቦይ መጥረግ እንጂ ስልክ አይረዳም።

ግድብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከእኛ በላይ የሪብ ግድብ አለ። ወደ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ግድብ ያለበት ወንዝ እንደ ዝናቡ ብቻ አይሄድም። እየሞላ ሳለ ጎርፉን ይውጣል፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ የመጣውን ያሳልፋል። ቆቃ ስር አዋሽን ተከትሎ የሚኖር ሰው ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ስለዚህ ግድብ ስር ያላችሁ «ውሃ ሊለቀቅ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ከካርታው በላይ ስሙ። ቀበሌው ካስነገረ ተነሱ። ካርታው አረንጓዴ ነው ብላችሁ አትከራከሩ።

የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአስር ቀን ትንበያንም አልተውኩትም። እሱ ሰማዩን ይነግረኛል፤ ካርታው ወንዙን። ሁለቱን አብሬ ሳይ ነው ልቤ የሚያርፈው።

ኔት ጉዳይ ትልቅ ነው። እናቴ ስማርት ስልክ የላትም። ኖሯት ቢሆንም ዝናብ ሲጥል ኔትወርክ ይሄዳል። መብራትም እንዲሁ። ስለዚህ ይህ ነገር የሚሠራው ከሩቅ ሆኖ የሚያይ አንድ ሰው ሲኖር ነው። ዱባይም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ወንዝ ዳር እናት ካላችሁ ያ ሰው እናንተ ናችሁ። ኮኔክሽን እናንተ ጋ አለ። ማታ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አንድ ምክር ብቻ፦ ስልኩ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ በሰኔ ተነጋገሩ። እኛ ጋ ስምምነቱ እንዲህ ነው። ሁለት ቀን ካልተገናኘንና ሁለተኛው ሥር ከተሸፈነ፣ እኔን ሳትጠብቅ ትወጣለች።

ከአምስት ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ አራት። እንደ ሪብ፣ እንደ ጉማራ፣ እንደ ባሮ፣ እንደ አዋሽ ላለ ቀስ ብሎ ለሚሞላ ወንዝ ነው አራቱ። አምስተኛዋ የሾላዋ ናት።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ወንድሜ ቀለሙን አደሰው። ዝናቡ አፈሩን ትንሽ ስለጠረገው ከታች አራተኛ ሥር ብቅ ብሏል። እሱንም ቀባው። ትናንት ጠዋት እናቴ ራሷ ደወለች፤ ብዙ ጊዜ የምደውለው እኔ ነበርኩ።

«ልጄ፣ አዲሱ ሥር ተሸፍኗል። የቀድሞው አንደኛ ገና ነው። የአንቺ ካርታ ምን ይላል?»

«እስከ ሐሙስ ከማስጠንቀቂያው በታች ነው እማ።»

«እሺ። እንግዲያው ዛሬ ችግኙን እናዛውራለን። ሐሙስ ማታ ደውይልኝ።»